ዘንዶው ፍልውሃ ቢፈለፈል ማን ያሳድገዋል?

በጽሑፍ ወዳጆች መድረካችን ላይ የተከፈተውን የዘንዶ ክር ብዙ ሰው መሐል ላይ ደርሶበት ግራ ገብቶታል። ስለ ዘንዶ ሊያነብ የገባ ሰው ስለ ፒያሳ ቤቶች ስንሰዳደብ ቢያገኘን ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ ከመነሻው ጀምሬ፣ የመልሶቹን ቁጥር እየጠራሁ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ላውጋችሁ። የዘለልኩት ቁጥር ካለ ሣቅ ብቻ የተላከበት ነው።

ክሩን የከፈተችው አራት ኪሎ የምትኖር ወጣት ጸሐፊ ናት። ለታዳጊዎች የሚሆን ምናባዊ ልቦለድ ጀምራለች፤ ባለታሪኩ ዘንዶ ነው። እንቁላሉ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ከመውደዳቸው አስቀድሞ ከሙቁ አፈር ሥር ተቀብሮ ኖሯል። ዘንድሮ ለመንገድ ሲቆፈር ኤክስካቫተር ያወጣዋል፤ ሰው ዞር ባለበት ሌሊትም ይፈለፈላል። ጥያቄዋ ሦስት ነው። ዘንዶ ክፋቱ አብሮት ይፈጠራል ወይስ አሳዳጊ ነው የሚያበላሸው? እናት የሌለውን ማን ያሳድገው? ሌሊቱንስ ከተማ መሐል፣ ሰማይ ሥር፣ እንዴት ያሳልፋል? ከጥያቄዋ ጋር አንድ ድፍረት ጨምራለች፦ በእኛ አገር ተረትና ሥዕል ዘንዶ ክፉ ብቻ ስለሆነ፣ ደጉን ዘንዶ ከውጭ መዋስ ግድ ሆኖብኛል ብላለች። ነገሩን የቆሰቆሰው ይኸው ነው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። በርቺ ካላት በኋላ፣ ዘንዶን ደግ አድርጎ ለልጅ ማቅረብ ቀላል እንዳልሆነ አስታወሳት፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ እያየ ያላደገ ልጅ ጥቂት ነው። 2ኛዋ ይህንኑ አጠናከረች። ሰማዕቱ ከዘንዶው ያዳናት ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና ስትጠብቅ የሚታይበትን ሥዕል ሳይቀር አነሣች። ቀጥላም ከፍልውሃ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ፒያሳ የወጣ ዘንዶ የሚጠብቀው ከዓድዋ ድል በኋላ በሰማዕቱ ስም የተሠራው ባለ ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ አሳሰበች፤ ጉርብትናው እንዴት ሊዘልቅ ነው ስትል ነው። 3ኛው፣ ዘንዶው ሰማዕቱን ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ በቢራ ጠርሙስ ላይ ስለሚያገኘው ከወዲሁ ቢለምደው ይሻለዋል ብሎ ቀለደ። እስከዚህ ሁሉም ይስቅ ነበር።

4ኛው ላይ አንድ ጋሼ ገቡ፤ ከስማቸው ሥር ጡረተኛ የታሪክ መምህር መሆናቸውን ጽፈዋል። ልጄ እያሉ፣ ግን ሳያለሳልሱ፣ አረሟት። የአርዌን ነገር ዘነጋሽው ወይ አሉ። ከንግሥተ ሳባ በፊት ሰሜኑን ይገዛ የነበረው እባብ ነው፤ በአንዳንዱ ትረካ 400 ዓመት ነግሧል። ሕዝቡ ፍየሉን፣ ወተቱን፣ ልጃገረዱን ሲገብርለት ኖሮ በመጨረሻ አንገቦ የተባለው ሰው መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለው፤ በምትኩም ነገሠ፤ ማክዳ የእሱ ልጅ ናት። ጋሼ ማስመር የፈለጉት ግን አሟሟቱን አልነበረም። አርዌ ከጫካ ድንገት የወጣ አውሬ ሳይሆን በሕዝብ እጅ እየተቀለበ የኖረ ንጉሥ መሆኑን ነው፤ የቀለበው እጅ ደግሞ ፈርቶ ነው የቀለበው። ከዚያ ወደ ደብረ ዳሞ ወጡ። በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ ገደማ ከመጡት ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ አምባው ላይ የወጡት በዘንዶ ነው፤ እንዳይተናኮላቸውም መልአኩ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፍ መዝዞ ጎኑ ቆሞ ነበር። እንግዲህ አገር ቤት ደግ ሥራ የሠራ ዘንዶ እያለልሽ ባሕር ተሻግረሽ ለመዋስ የምትሄጂው ለምንድን ነው ብለው ዘጉ።

5ኛው የጸሐፊዋ የምስጋና መልስ ነው። አጭር ነው፤ ትንሽ ያፈረች ትመስላለች።

6ኛዋ ቸርችል ጎዳና የሥጦታ ዕቃ ሱቅ ያላት ሴት ናት፤ ከክሩ ሁሉ አብልጬ ከወደድኳቸው ሁለት መልሶች አንዱ የእሷ ነው። የምትሸጠው በሸራና በብራና ላይ የተሣለውን የንግሥተ ሳባ ታሪክ ነው፤ በትንንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበበውን። የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች የአርዌ ናቸው። እሷ ያነሣችው ስለ ዓይን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ከፈረሱ እግር ሥር የወደቀውም ዘንዶ እንደዚያው። ሱቋ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንድ የደብረ ዳሞ ሥዕል ውስጥ ግን ጻድቁን የተሸከመው ዘንዶ እንኳ በአንድ ዓይን ብቻ እንደተሣለ ልብ ብላለች። ደግ እየሠራ አልታመነም ማለት ነው፤ ሰይፉም አልተመለሰም፣ ሁለተኛው ዓይንም አልተሰጠው። ለጸሐፊዋ የሰጠችው ምክር አንድ ነው፦ የመጽሐፉን ሽፋን የሚሥለው ሰው ሁለቱንም ዓይን ያሳይ፤ አንባቢው ገጽ ሳይገልጥ ፍርዱን ያውቃል። እኔ ደግሞ እላለሁ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ እያለፈ ሁለተኛውን ዓይን ቢያገኝ ልቦለዱ ከዚያ ወዲያ ምን ይፈልጋል?

7ኛዋ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ የአስተዳደጉን ጥያቄ መሬት ያስነካችው እሷ ናት። ሰው ዘንዶን ልጁን የማያውቅ አውሬ አድርጎ ያስባል፤ በቆላው አገራችን ያለችው እውነተኛዋ ዘንዶ ግን እንቁላሎቿን በሰውነቷ ጠምጥማ ትጠብቃለች። በደቡባዊ አፍሪካ የምትገኘው የቅርብ ዘመዷ ደግሞ ከዚህም አልፋ ስትሄድ ታይታለች። ቀን ከጉድጓዷ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ቆዳዋ ይጠቁራል፤ የያዘችውን ሙቀት ለልጆቿ ይዛ ትመለሳለች። ከተፈለፈሉ በኋላ እንኳ ሁለት ሳምንት ያህል ሌሊት ሌሊት በላይዋ ላይ ተቆላልፈው ያድራሉ። መምህርቷ አዞንም ጨመረች። ግልገሉ ገና እንቁላሉ ውስጥ ሳለ ድምፅ ያሰማል፤ እናቲቱ ስትሰማ አሸዋውን ቆፍራ ታወጣውና ያንን ሁሉ ጥርስ በደረደረ አፏ ይዛ ወደ ውኃ ታወርደዋለች። ስለዚህ የጸሐፊዋ ጫጩት ኤክስካቫተሩ ከመድረሱ በፊት ይጣራ ነበር ማለት ነው፤ የሰማው ግን የለም። ይህቺን ሐሳብ መምህርቷ እግረ መንገዷን ጣል አድርጋት አለፈች፤ እኔ ብሆን መጽሐፉን በእሷ እጀምር ነበር።

8ኛው የፍልውሃ ደንበኛ ይመስላል። ውኃው ከምንጩ ሲወጣ ሳይቀዘቅዝ ገላ እንደማይነካው አስረድቶ፣ እዚያ የተቀበረ እንቁላል ዘንዶ ሳይሆን ቅቅል ነው የሚሆነው አለ። መምህርቷ በ9ኛው መለሰችለት፤ ጨዋታውን በጨዋታ ሳይሆን በትምህርት። ምንጩ ውስጥ ሳይሆን ከዳር፣ አፈሩ ለብ በሚልበት ቦታ ከተቀበረ ምንም አይሆንም። እንዲያውም በአዞ ዘንድ ወንድና ሴት የሚለየው በጎጆው ሙቀት ነው፤ በናይል አዞ ከ31.7 እስከ 34.5 ዲግሪ ገደማ ባለው መካከለኛ ሙቀት ወንዱ ይበዛል፣ ከዚያ ዝቅም ከፍም ሲል ሴቷ። እንቁላሉ ከምንጩ ስንት እርምጃ ርቆ እንደተቀበረ ከወሰነች፣ ጸሐፊዋ ጾታውንም ወሰነች ማለት ነው። ይህ ነገር በኋላ ጠብ አስነሥቷል፤ እደርስበታለሁ።

10ኛው የኮሞዶን እንሽላሊት አመጣ። ኢንዶኔዥያ ያለው ይህ ትልቅ እንሽላሊት ልጆቹ ተፈልፍለው እንደወጡ ዛፍ ላይ ነው የሚሮጡት፤ ምክንያቱም ታች ያሉት ትልልቆቹ ይበሏቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ ዘንዶ ማለት ከራሱ ዘመድ እየሸሸ የሚያድግ ፍጡር ነው፣ አስተዳደግ ምናምን የሚባለው ለሰው ልጅ ነው አለ። ከ7ኛዋ ጋር ፊት ለፊት ቢጋጭም አልጠቀሳትም። እንዲህ ዓይነት ሰው በየመድረኩ አይጠፋም፤ የላይኛውን ሳያነብ ይጽፋል።

11ኛው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው። ነገሩን ሁሉ ወደ ክብደት አዞረው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል፤ አውሮፕላን እንኳ ለመነሣት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ከታወቁት በራሪ እንስሳት ግዙፉ፣ ኬትዛልኮአትለስ የሚባለው፣ ክንፉ ሲዘረጋ 10 ሜትር ገደማ ነበር፤ ክብደቱ ግን ከአንድ በሬ ያነሰ ነው። እንግዲህ ቤት የሚያክል ዘንዶ ከመስቀል አደባባይ ተንደርድሮ ይነሣል ማለት ዘበት ነው። 12ኛዋ ደገፈችውና ሌላ ቀዳዳ አሳየች፦ ጥንብ አንሣ ጠዋት ፀሐይ እስክትበረታ ተቀምጦ የሚጠብቀው ከመሬት ሞቆ የሚነሣውን አየር ስለሚፈልግ ነው። ከባድ ክንፍ በሌሊት ምን ያነሣዋል? ጸሐፊዋ የሌሊት ፍጡር ነው ብላለች፤ ሌሊት ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንጂ የሚነሣ ሙቀት የለም።

13ኛው መላ አገኘ። ለምን ከመሬት ይነሣል? ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንጻ ላይ ይውጣና ይንሸራተት፤ ጭላት ከሥጋ ቤት ጣሪያ ላይ እንደምትወርደው። ቴክኒሻኑ በ14ኛው መውረዱን ተቀብሎ መልሶ መውጣቱን ጠየቀ። በሊፍት የሚል መልስ መጣለት። ይህን 15 ብላችሁ ቁጠሩት።

16ኛው ላይ የሰማዩ ጉዳይ ተነሣ፤ እዚህ ትንሽ ልቆይ። ጸሐፊው እንጦጦ ላይ ያሉትን ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ሄዶ ያየ፣ ከዋክብትን የሚከታተል ልጅ ነው። ዘንዶሽ ሰማይ ላይ ዘመድ አለው ብሎ ጀመረ። ድራኮ የሚባለው የዘንዶ ኅብረ ኮከብ በትልቁና በትንሹ ድብ መካከል ተጠማዝዞ ይተኛል፤ ጭንቅላቱ አራት ኮከብ ነው፣ ደማቁ ኤልታኒን ይባላል። የዛሬ 4,700 ዓመት ገደማ ሰሜንን የሚያመለክተው የአሁኑ የሰሜን ኮከብ አልነበረም፤ በዘንዶው ጅራት በኩል ያለው ቱባን ነበር። የምድር ዘንግ 26,000 ዓመት ገደማ በሚፈጅ ዙር ቀስ እያለ ስለሚዞር ቦታው ተወሰደበት። ሥልጣኑን የተነጠቀ ዘንዶ ነው እንግዲህ፤ ጋሼ ይህን ሲያዩ ከአርዌ ጋር አያይዘው አንድ መስመር ጣል አድርገዋል።

ዋናው ግን ከአዲስ አበባ ሲታይ ያለው ነው። በአብዛኛው አውሮፓ ይህ ዘንዶ ዓመቱን ሙሉ አይጠልቅም፤ የሰሜን ኮከብ ከፍ ስለሚል እሱም ሌሊቱን ሙሉ ይዞረዋል። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። የሰሜን ኮከብ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም ከፍ አይልልንም፤ ዘንዶውም እንደማንኛውም ኮከብ ይወጣል፣ ይጠልቃል። ጭንቅላቱ ከእንጦጦ በላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ደግሞ መቼ ነው? ሐምሌ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ። ደመናው ጣሪያ ላይ በተኛበት፣ ቆርቆሮው በዝናብ በሚንጫጫበት ሰዓት ማለት ነው። ከተማዋ ዘንዶዋን በደኅና ሰዓት አታየውም። ሰማዩ ሲገለጥ፣ መስቀል ሲከበር፣ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዘንበል ብሎ ይገኛል፤ ታኅሣሥ ላይ ጨለማው ሳይበረታ ከእንጦጦ ጀርባ ይወርዳል። ልጁ መስከረም 28 ገደማ ከጭንቅላቱ አካባቢ የሚፈልቁትን ተወርዋሪ ኮከቦችም አነሣ፤ በአብዛኛው ዓመት ጥቂት ናቸው፣ በፈረንጆቹ 1933 እና 1946 ግን እንደ ዝናብ ወርደው ነበር። ሌሎቹ ተወርዋሪ ኮከቦች ከእኩለ ሌሊት ወዲያ ሲበዙ የእሱ ገና በምሽት ነው የሚታዩት። ለልጅ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል፣ ሳይተኛ ማየት ይችላል።

ጸሐፊዋ በ17ኛው ዘላ ያዘችው። ጫጩቷ ሐምሌ ላይ እንዲፈለፈል፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከደመና በቀር ሰማይ ሳያውቅ እንዲቆይ፣ ዘመዱንም ለመጀመሪያ ጊዜ በመስቀል ማግሥት እንዲያየው እንደምታደርግ ጻፈች። እኔ በጣም ወደድኩላት።

18ኛው ካዛንቺስ አካባቢ በግንባታ ላይ ያለ ሕንጻ የሚጠብቅ የሌሊት ዘበኛ ነው። ሁለተኛው የወደድኩት መልስ ይኸው ነው። አጻጻፉ ስሕተት የበዛበት ስለሆነ አንዳንዶች ሳቁበት፤ ሌሊቱን የሚያውቅ ግን ከእሱ በቀር አልነበረም። እንደ እሱ አባባል ከተማ መሐል ሌሊት ዝም አይልም። 7 ሰዓት ላይ የአንድ ሰፈር ውሻ ይጀምራል፣ ሌላው ሰፈር ይቀበለዋል፤ ጩኸቱ ዞሮ ዞሮ ለገሃር ሲደርስ እነዚህኞቹ ተኝተዋል። 9 ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቱ ይቀጣጠላል፤ ሽታው ከድምፁ ቀድሞ ይመጣል። ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ አዛኑ። እሱ የሚቀመጠው አራተኛው ወለል ላይ ነው፤ ግድግዳ የለውም፣ ፌሮው እንደቆመ ነው፣ ከሥሩ ካርቶን አንጥፏል። መብራት በሰፈሩ ሲጠፋ ብቻ ከዋክብቱ ባንዴ ይመጣሉ፤ መብራት ሲመለስ ባንዴ ይሄዳሉ። ስለ ዘንዶ ምንም እንደማያውቅ ተናገረ፤ ስለ አንዲት ውሻ ግን ያውቃል። ከእራቱ እየቆረሰ ያሳደጋት ናት። ቀን መንገድ ላይ ቢያገኛት አታውቀውም። ሌሊት ግን በሳሉና በባትሪው አበራር ትለየዋለች፤ ሌላ ሰው ባትሪ ቢያበራባት ትነክሳለች። የሌሊት እንስሳ ባሕርይ የሚወሰነው በዚህ ነው አለ።

እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። ከ1ኛው እስከ 17ኛው ማን ያሳድገው የሚለውን በቀጥታ የመለሰ የለም። የሌሊት ፍጡርን ግን የሚያሳድገው ሌሊት የነቃ ሰው ነው። ዘበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ማሕሌት የቆመው ደብተራ፣ በረንዳ የሚያድረው ልጅ። ክፉ ይሆናል ደግ የሚለውን የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ለዚያ ፍጡር ከተማዋ ማለት እነሱ ናቸውና።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተበላሸ። 19ኛዋ የዘበኛውን መብራት አንሥታ፣ አሁን መሐል ከተማው በየመንገዱ ዳር በተተከለው መብራት ቀን መስሏል፣ ዘንዶው የት ይደበቃል ብላ ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው። 20ኛው ግን ያንን ይዞ ወደ ፒያሳ ገባ፤ በ2016 የፈረሰውን ዶሮ ማነቂያን እያነሣ፣ ዘንዶ የሚደበቅበት ጓሮና ጓዳ የነበረው እዚያ ነበር፣ አሁን መስታወት ላይ ማን ይደበቃል አለ። 21ኛው እዚያ ያደገ ሰው ነው፤ አልማረውም። አሥር አባወራ በአንድ ሽንት ቤት ሲጠቀም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ከአልጋ ሥር ሲደረደር አንተ የት ነበርክ፣ ናፍቆትህ የማኪያቶ ናፍቆት ነው አለው። 22ኛው መልሶ ተሳደበ። 23ኛው በሁለቱ መሐል ገብቶ ሰፈሩ የፈረሰበት ሰው ጣሪያው ያፍስስም አያፍስስ ዕድሩን አጥቷል፣ ጎረቤቱን አጥቷል፤ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ሁለታችሁም ግን አትደማመጡም አለ። እውነቱን ነው። 24ኛውን አወያዩ ስላጠፋው አላየሁትም፤ ካዩት ሰዎች እንደሰማሁት ባይታይ ይሻላል።

25ኛው ነገሩን ወደ ጨዋታ ሊመልስ ሞከረ፦ ዘንዶው ዕድር ይግባ፣ ድንኳን ተካይ ይሁን፣ ለንፍሮውም እሳት አለው አለ። 26ኛው ይህን ቀጥሎ ክርስትና ይነሣ አለና ከ9ኛው ጋር አያያዘው፤ ወንድ ከሆነ በ40 ቀን፣ ሴት ከሆነች በ80፣ ስለዚህ የጎጆውን ሙቀት ቶሎ ለኩ ብሎ ቀለደ። ይህ ለ27ኛዋ አልተዋጠላትም። ክርስትና መቀለጃ አይደለም፤ በራእዩ 12ኛው ምዕራፍ የሰማይን ከዋክብት ሲሶ በጅራቱ ጠራርጎ ወደ ምድር የጣለው ዘንዶ ማን እንደሆነ የማታውቁ ከሆነ እንጸልይላችሁ፣ ልጆቻችንን ግን ተዉልን አለች። ቃሏ ከባድ ነበር። የኮከቡ ልጅ በ28ኛው ምናልባት ሊያረጋጋት ፈልጎ፣ የተወረወሩትን ከዋክብት ከመስከረሙ ተወርዋሪ ኮከብ ጋር ሊያገናኝ ሞከረ። ባይሞክር ይሻል ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍን በቴሌስኮፕ ትፈትናለህ ወይ የሚል መጣበት። ያም ሲጠፋ አወያዩ ክሩን እንደሚዘጋው አስጠነቀቀ።

ያዳኑት ጋሼ ናቸው፤ 29ኛው። ለእህታቸው ክብር ሰጥተው ጀመሩ። ራእዩ የሚናገረው ስለዚያ ዘንዶ እንደሆነ፣ በምሥጢሩ ላይ ማንም እንዳልቀለደ፣ ጥምቀት ለሰው ልጅ የተሰጠ ስለሆነም 26ኛው ቀልዱን ቢያነሣ እንደሚሻል ተናገሩ። ከዚያ ግን አቡነ አረጋዊን የተሸከመውን አስታወሱ። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሁለቱም ዘንዶዎች እንደሚሣሉ፣ አንዱ ተወግቶ ሌላው ጻድቁን ተሸክሞ፣ ምእመኑም ሁለቱን አይቶ እየተሳለመ እንደሚያልፍ ጻፉ። 27ኛዋ መልስ አልሰጠችም፤ ግን ልብ ምልክት አስቀመጠችላቸው። 26ኛውም ቀልዱን አነሣ።

30ኛው የጸሐፊዋ ነው። ሰዎች በደረቱበት ልክ ሁሉንም ልታስገባ አልሞከረችም፤ ይህ ብልኅነት ነው። ጫጩቱ እንቁላል ውስጥ ሆኖ ሲጣራ የሚሰማው ሰው ዘበኛ ይሆናል፤ በሳልና በባትሪ ነው የሚተዋወቁት። መብረሩን ቴክኒሻኑን ፈርታ ለመጨረሻው ምዕራፍ አቆይታዋለች። ሴት እንድትሆን ወስናለች፤ ሙቀቱን ግን አልተናገረችም። ሽፋኑ ላይ አንድ ዓይን ብቻ ይታያል፤ ሁለተኛው የት ላይ እንደሚመጣ አትጠይቁኝ ብላለች።

31ኛው እዚህ መድረክ ላይ ምንጊዜም የማይቀረው ሰው ነው፤ ስለ ምግብ ጠየቀ። አርዌ ፍየልና ወተት ነበር የሚቀለበው፤ ይቺኛዋ ሐምሌ ላይ ተፈልፍላ፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ሲደርስ ምን ትበላለች? 32ኛው ላይ ጋሼ፣ ሕፃን ሰባት ዓመት እስኪሞላው ጾም እንደማይገደድ አስታውሰው ሥጋዋን ፈቀዱላት። 33ኛው ዘበኛው ነው፤ ለሰባት ዓመት ፍየል በዘበኛ ደመወዝ እንደማይታሰብ፣ አጥንት ከሆነ ግን ከሥጋ ቤቱ ጋር እንደሚነጋገር ጻፈ። መምህርቷ አጥንቱን ከእነ መቅኒው እንዲሆን አሳስባለች። አወያዩ ክሩን ክፍት ትቶታል፤ ስለ ፒያሳ የሚጻፍ ግን ከአሁን በኋላ ሌላ ክር ይክፈት ብሏል።